በየሁለት ሰዓቱ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ሐዋሳ ተኝታ፣
ስልኬን በፋሻ አስሬ ከመስኮቱ ብረት፣ ከዚያች ከአንድ ቦታ፣
ኔትወርክ እንደ ድመት ሲያሰኛት ከምትመጣበት፣
የሌሊት ጥቅሌን ከፍቼ ገባሁ ወደ ትምህርት።

ልጆቹ ከመጋረጃው ወዲያ፤
ሌዳሞ ማለዳ ባጃጁን ሊያስነሳ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ።
"መብራቱን ዝቅ አድርጊው" ይላል፣ ሳይነቃ።
አጠፋዋለሁ፤ ይበቃኛል የስክሪኑ ጨረቃ።

የእቁቤ ዕጣ ባለፈው ወጣ፤ አልጋ አልገዛሁበት፣ ቆርቆሮ አላስመታሁ፣
ለአንድ ሴሚስተር ዶላር ሆኖ ሲሄድ ቆሜ አየሁ።
ሰፈሩ "ዶክተር ልትሆኚ ነው አሉ፣ በስልክ" ይለኛል፤
የባጃጅ ተራው "መርፌውንስ በስልክ ነው የምትወጊን?" ብሎ ይስቃል።
የክፍላችን ኃላፊ ግን አልሳቀም፤ "ነርስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" አለ፣
ቃሉን እንደ ሰው ጋውን በሁለት ጣቱ እያንጠለጠለ።

አማካሪዬ ዘንድ ቀን ነው፤ ከጀርባዋ ፀሐይ ይገባል፤
አፏን እንደከፈተች ትደርቃለች፣ ክቡ ብቻ ይዞራል።
"ማስረ—" ብላ ነበር።
የቀረችውን ፊደል እኔ ሞላኋት፤ ሌላ ምን ልትል ነበር?

ማስረጃ።

የጥናቴ ርዕስ ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ይፈጃል፤
ከጽዳቷ ከባሬ ጋር ስናወራ ግን ሁለት ቃል ይበቃል፦
ሰው ማገላበጥ።
መዞር ያቃተውን ሰው፣ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣
ቆዳው እንዳይሞት ተጨፍልቆ በገዛ አጥንቱ።
ሌላ አይደለም። ይህን ለማለት ነው ሁለት መቶ ገጽ የማገላብጠው፤
ይህን ለማለት ነው እንቅልፌን በጥቅል የምሸጠው።

አቶ ገነሞ፣ አልጋ አሥራ አንድ፣ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤
አሞራ ገደል መረብ ሲጎትት ያረጀ፣ ትከሻው እንደ በር።
ግማሽ ጎኑን ስትሮክ ወሰደበት፤ ሌላውን እኛ ወሰድንበት፤
ሁለት ነርስ ለሠላሳ አራት ሰው፤ ማን ይድረስለት?
ልጁ አንሶላውን ሲገልጥ፣ ሽታው ቀድሞ ነገረን፤
እሱ በግማሽ አፉ "ዓሣው ተበላሸባችሁ" ብሎ ሳቀልን።

ቅጹ ላይ ግን ምልክት አለ፤ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስት፣ በስምንት፣
ቀጥ ብሎ የተሰለፈ፣ ከነፊርማው ከነሰዓት።
ከፊርማዎቹ ሦስቱ የእኔ ናቸው፤
በአንድ እስክርቢቶ፣ ንጋት ላይ፣ ቁጭ ብዬ ያሰፈርኳቸው።

ምስሏ ተነቃነቀ። "ቅጹ ተሞልቷል" አለች፣ "ሰማንያ ዘጠኝ በመቶ፤
ታዲያ ቁስሉ ለምን አልቀነሰም?"
ውጭ አባ ኮዳ ክንፉን አራገፈ፣ ከዋርካው ላይ ነቅቶ።
ብዙ መልስ ነበረኝ፣ መጻሕፍቱ የሚወዱት፤
የናሙናው ማነስ፣ የፍራሹ ዓይነት፣ በግርጌ ማስታወሻ የሚያመልጡበት።
አገላበጥኩት።
በግራ አስተኛሁት፣ በቀኝ፤ በየትኛውም ጎኑ አልተኛ አለኝ ነገሩ፤
አጥንት አለው፣ ይወጋል።

"ፊርማው ውሸት ነው" አልኩ። "እኔም ፈርሜያለሁ።"
ፊቷ እንደ ደረቀ ነበር። ሰምታ ይሆን? ክቡን አየዋለሁ።
ሌዳሞ ከአልጋው "ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?" አለ።
ከዚያ ድምፅዋ ተመለሰ፣ እንደ ቆርቆሮ እያንቃጨለ፦
"ተቆራረጠብኝ። ድገሚልኝ።"

የመጀመሪያው በቀላሉ ወጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው አነቀኝ።
ደገምኩት፤
ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እሷም ስትጽፍ እያየኋት።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ከዎርድ ተከትሎኝ የመጣው ደወል።
ከመጋረጃው ወዲያ ሄድኩ። ታናሿ በግራዋ ተኝታለች፤
ጤነኛ ናት፣ ራሷን መዞር ትችላለች።
ቢሆንም በቀኟ አዞርኳት።
የትም አልፈረምኩም።